እውነተኛ ሥዕል ይዋሻልን?

ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወጣ ብሎ ከባሕር ዛፉ መካከል ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው አዲስ አበባን እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ያያታል። ዐይኑን ወደ ግራ መለስ ቢያደርግም ከፈረንሣይ ለጋሲዮን ጀምሮ በቀበናና በሾላ በኩል እስከ ኮተቤ ድረስ ያለው የየካ ሰፈር ሁሉ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ይታየዋል። ከዚያ ከፍታ ላይ ጭቃው አይታይም፤ የወንዙ ሽታ አይሸትም፤ የጎረቤት ጠብ አይሰማም። ይህን ያየ ሰው ወርዶ «ከተማይቱ እጅግ ውብ ናት» ብሎ ቢናገር ዋሸ ልንለው አንችልም፤ ዐይኑ ያየውን ተናግሯልና። ነገር ግን በቀበና ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህንን ቃል ቢሰማ «ይህ ሰው የሚናገረው ስለ የትኛዪቱ ከተማ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው ስለ ተራራው ለመናገር ብለን አይደለም። በዘመናችን በየቤቱ የተተከለ እንጦጦ አለ፤ እርሱም ቴሌቪዥን ነው። ሰው ማታ ከሥራው ተመልሶ እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ፥ ያልሄደበትን አገር፥ ያልተገኘበትን ስብሰባ፥ ያላየውን መከራና ደስታ የሚያይበት ከፍታ ይኸው ነው። ከዚህም የተነሣ «በዐይኔ አየሁት» ይላል። በጆሮው የሰማውን ወሬ የሚጠራጠር ሰው እንኳ በዐይኑ ያየውን ለመጠራጠር ይቸገራል። የቴሌቪዥን ኀይል በዚህ ነው፤ አደጋውም በዚሁ ነው።

እንጦጦንም ራሱን እንመልከት። በመስከረም 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የእንጦጦ መናፈሻ ከተመረቀ ወዲህ ተራራው በቴሌቪዥን የሚታየን በተነጠፈ መንገዱ፥ በፈረሶቹና በሚዝናኑ ወጣቶች ነው። ሄደን አይተነዋልና እውነት ነው። የውጭ አገር ፊልም አንሺ ወደዚያ ተራራ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፥ ወገባቸው ጎብጦ፥ በቁልቁለቱ ሲወርዱ የኖሩትን ሴቶች ነው። ይህም እውነት ነው። አንዱ ሸክሙን አያይም፤ ሌላው መናፈሻውን አያይም፤ ሁለቱም ግን አልዋሹም። ታዲያ አድልዎ የሚባለው ነገር የሚገኘው ከየት ላይ ነው?

ብዙ ሰው አድልዎ ሲባል ሐሰት መናገር ይመስለዋል። ሐሰት መናገርማ ቀላል ነገር ነው፤ ይያዛል፥ ይጋለጣል፥ ሕግም ይፈርድበታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ግን አንዳችም ሐሰተኛ ቃል ሳይነገርበት፥ አንዳችም የፈጠራ ሥዕል ሳይገባበት፥ በጠቅላላው ሲታይ ውሸት ስለሚሆነው ዜና ነው። የዚህስ ተጠያቂ ማን ነው?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምናገለግል ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ እንደ ንጹሕ ሰው ሆነን የመናገር መብት ያለን አይመስለንም። አንድ ጊዜ እናገለግልበት የነበረ መሥሪያ ቤት ታላቅ የምክክር ጉባኤ አዘጋጅቶ ነበር። ከተጠራው ሰው ሢሶው እንኳ አልመጣም፤ አዳራሹ ጎደሎ ሆኖ ሰዉም በየማዕዘኑ ተበታትኖ ተቀመጠ። ካሜራ ይዞ የመጣው ወጣት ትሑትና ሥራ ወዳድ ሰው ነበር፤ ወደኛ ቀርቦ «እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉልኝ፤ ባዶው ወንበር እንዳይታይ» አለን። ተነሥተን ወደ ፊት ጠጋን። ከተሰብሳቢዎቹም አንድ መምህር ተነሥቶ ስለ ጥሪው አመስግኖ ካበቃ በኋላ ብርቱ ጥያቄ አቀረበ፤ ጥያቄውም እኛ ሁላችን በልባችን የያዝነውና ያልተናገርነው ነበር። ማታ በዜናው አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ታየ። መምህሩም ሲያመሰግን ታየ። የዜናው አንባቢ ከተናገረው ቃል ውስጥ ሐሰት ነው የምንለው አንድም አልነበረም፤ ስብሰባው ተደርጓል፥ ሰው ነበረበት፥ መምህሩም አመስግኗል። በዚያ ማታ የሆነ ሌላ ነገርም አለ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ ትንሽ ነው ይባል ይሆናል። ከትልቁ ጋራ ሲነጻጸር ግን ዘሩ አንድ መሆኑን ለማየት የቴሌቪዥናችንን ታሪክ ጥቂት ማንሣት ያስፈልጋል።

የአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፥ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ በማቋቋሙም ሥራ የረዳው ቶምሰን የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። በበዓል ቀን የተወለደ ልጅ በዓል ወዳድ ሆኖ ቢያድግ አይደንቅም። አስተዳዳሪው መንግሥት፥ ገንዘቡ የመንግሥት፥ ሠራተኛውም የመንግሥት ስለ ነበረ፥ ዜናው ሁሉ በቤተ መንግሥት ጀምሮ በሚኒስቴሮች በኩል አልፎ፥ ጊዜ ከተረፈ ወደ ሕዝቡ ይደርስ ነበር። ይህ ቅደም ተከተል ከዚያ በኋላ ከመጣው መንግሥት ጋራ ሁሉ አብሮ ኖሯል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ረኃብ ገባ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰውም አለቀ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ግቢ እስኪያሳዩ ድረስ የዋና ከተማው ሰው የሚያውቀው እምብዛም ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንግግርና የጋዜጣ ነፃነት ተጽፎ ሳለ፥ ቴሌቪዥኑ በወሎ መንገድ ዳር ስለ ወደቀው ሰው ዝም አለ። ከዚያም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረኃብ» ብሎ የሰየመው ፊልም በአገሩ በብሪታንያ ታየ። የወሎን ረኃብ የለንደን ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሲያየው፥ ከወሎ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረው የአዲስ አበባ ሰው በራሱ ቴሌቪዥን አላየውም።

በዓመቱ ግን አየው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ማታ፥ ደርግ ያንኑ የዲምብልቢን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንዲታይ አደረገ። ነገር ግን እንደ ነበረ አልታየም። በረኃብተኞቹ ሥዕል መካከል መካከል የቤተ መንግሥት ግብር፥ የመኳንንቱ ድግስ፥ ንጉሠ ነገሥቱም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ሥዕል እየተቆረጠ ገባበት። ንጉሠ ነገሥቱም ፊልሙን እንዲመለከቱ እንደ ተነገራቸው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ከዙፋናቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። የተራበው ሕፃን እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። ሥጋውና ውሻውም እውነት ነበሩ። ውሸት የሆነ አንድ ሥዕል እንኳ አልነበረም። ሆኖም አንዱ ሥዕል ከሌላው ጎን ሲለጠፍ፥ በመካከላቸው ማንም ያልተናገረው ሦስተኛ ቃል ተወለደ፤ ይኸውም «ይህኛው ያንኛውን እያየ በላ» የሚል ነው። በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ስንት ወርና ስንት ዓመት እንዳለ፥ ማን ምን እንዳወቀና መቼ እንዳወቀ፥ የትኛው ሹም የትኛውን ወረቀት እንዳስቀረ የሚያስረዳ ነገር አልቀረበም። ተመልካቹ ፈራጅ ሆነ፤ ማስረጃውን ግን መርጦና ቀጥሎ ያቀረበለት ሌላ ሰው ነበር።

ይህን ስንል ንጉሠ ነገሥቱን ከኃላፊነት ለማውጣት አይደለም። በአገር ላይ ለብዙ ዘመን የነገሠ ሰው በሕዝቡ መራብ ይጠየቃል፤ ሊጠየቅም ይገባል። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። በ1965 ዓ.ም. ዝም ያለው ጣቢያና በ1967 ዓ.ም. የጮኸው ጣቢያ አንድ ጣቢያ ነበር። የአንድ ዓመት ዝምታውን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጣቢያው ጌታውን ሲከስ ራሱን በነፃ አሰናበተ። ደግሞም ፊልሙን ያየው ሰው በሙሉ ወደ አንድ ሽማግሌ ጣቱን ስለ ቀሰረ፥ ሪፖርቱን ያለዘበው የአውራጃ ሹም፥ ሪፖርቱን ከመዝገብ ቤት ያላወጣው ጸሐፊ፥ ዜናውን «ለጊዜው ይቆይ» ያለው አዘጋጅ ሁሉ በጨለማው ውስጥ ተሰውሮ ቀረ።

ተሰውሮ የቀረ ነገር ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፥ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት፥ ለዚሁ በዓል ተብሎ የቴሌቪዥናችን ሥዕል ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተለወጠ። ከወሎው ረኃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ለለጋሾች ማስጠንቀቂያውን አሰምቶ ነበር። ቀለሙ ግን የወጣው ለሰልፉና ለባንዲራው ነው። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል ቢዩርክ የሚባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው ፊልም አንሺ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ሥዕል ዓለምን ሁሉ አስለቀሰ። የመጀመሪያውን ዝምታ አጋልጦ ሥልጣን የያዘ መንግሥት ሁለተኛውን ዝምታ ራሱ ዝም አለ። በ1967 ዓ.ም. ማታ የተቀጣው ሰውዬው እንጂ ልማዱ አለመሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

የኢኮኖሚ ሊቅ የሆነው አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የወሎን ረኃብ መርምሮ፥ በዚያ ዓመት በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል እጅግ የቀነሰ እንዳልነበረ፥ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የወጣ እህል እንደ ነበረ አሳይቷል። የጎደለው እህሉ ሳይሆን የሰዉ የመግዛት ዐቅም ነበር። ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር ታላቅ ረኃብ እንደማይደርስም በኋላ አስተምሯል። እንግዲህ የዜና አድልዎ የጨዋ ሰዎች የጠረጴዛ ክርክር ብቻ አይደለም ማለት ነው። እህል ባለበት አገር ሰው የሚሞተው፥ መራቡን የሚናገርለት ሲያጣ ነው።

በዚህ ላይ ከባልንጀሮቻችን አንዳንዶቹ ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ መልስ አለ። «ደኻ አገር ነን፤ ሕዝቡ ተስፋ ያስፈልገዋል፤ የተሠራውን እያሳየን ካላበረታታነው፥ ጉድለቱን ብቻ እያሳየን ብናስለቅሰው ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። «የልማት ጋዜጠኛነት» በሚል ስምም ይህ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሲነገር ሰምተናል። መልሱ የሚናቅ አይደለም። ጉድለት ብቻ የሚያሳይ ዜናም አድሏዊ ነው፤ ስለ እንጦጦ የተናገርነውን ማስታወስ ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. በከተማችን የተጀመረው የኮሪደር ልማት ያሰፋው መንገድ፥ ያበራው መብራትና የተከለው ዛፍ ቢታይ ደስ ይለናል፤ በመገናኛ በኩል በምናልፍበት ጊዜ እኛም በእግራችን ተጠቅመንበታል። ነገር ግን ስለ መንገዱ ከሚያመሰግነው ሰው ጎን፥ ለመንገዱ ሲባል ከሠፈሩ የተነሣው ሰው በዚያው ዜና ውስጥ ስለ አዲሱ ኑሮው ሁለት ቃል ቢናገር መንገዱ ይጠብባልን? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል የተነገረው ለበሽተኛው ብቻ አይደለም፤ ለአስታማሚውም ነው። ከባለሥልጣን ዘንድ የሚደርሰው ዜና ሁሉ የምስራች ከሆነ፥ ባለሥልጣኑ ራሱ በገዛ ቴሌቪዥኑ የተታለለ የመጀመሪያው ሰው ይሆናል።

የተለየ ነገር ያየንበት ጊዜ አልነበረም እንዳንል በ1997 ዓ.ም. ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በፊት የነበሩትን ወራት እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎቹ በመንግሥቱ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ መሬት፥ ስለ ትምህርት፥ ስለ ፌዴራል ሥርዓት ተከራከሩ። እኛ ያን ጊዜ በዕድሜ ልጆች ነበርን፤ ጎልማሶቹ በየቡና ቤቱና በየጎረቤቱ ተሰብስበው ሲያዩ፥ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ፥ ክርክሩ ሲያበቃ ደግሞ በየደጃፉ እንደገና ሲጀመር አስታውሰናል። የሚያስደንቀው አንዱ ወገን ማሸነፉ አልነበረም። የአንድን ነገር ሁለት ፊት በአንድ መስኮት ማየት መቻሉ ነበር። ምርጫው በጠብና በደም ካለቀ በኋላ ያ መስኮት ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህም ክርክር የተባለ ነገር አልፎ አልፎ ቢደረግ ያ መንፈስ ግን አልተመለሰም።

መስኮቱ ሲዘጋ በምትኩ የተከፈተው ሌላ ነገር ነው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ» የሚባል ፊልም በቴሌቪዥን ቀረበ፤ በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ «ጂሃዳዊ ሐረካት» ቀረበ። በሁለቱም ውስጥ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ያለ ሰዎች በሽብር ሥራ ሲወነጀሉ ታዩ፤ በሁለተኛው እንዲያውም እስረኞቹ በእስር ሳሉ የተቀረጹበት ሥዕል ነበረበት። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በሕግ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ሰው የመቈጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቴሌቪዥኑ ግን ከዳኛው በፊት ፈረደ። ከዚያ ነገሩ ተለወጠ፤ በ2010 ዓ.ም. በፊተኛው ፊልም ስማቸው ከተነሣው ሰዎች አንዳንዶቹ ከእስር ተፈተው ወጡ፤ አገሩም በደስታ ተቀበላቸው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በእስር ቤቶች ስለ ተፈጸመው ግፍ «የፍትሕ ሰቆቃ» የተባለ ፊልም ታየ። የተፈጸመው ግፍ የሚዘገንን ነበር፤ መገለጡም የሚገባ ነበር። ተጠርጣሪዎቹ ግን ያን ጊዜም በዳኛ ፊት ገና አልተረቱም። ያን ማታ ስንመለከት በልባችን ደስ ብሎን እንደ ነበረ አንሸሽግም፤ ሥዕሉ የቀረበው ባልወደድናቸው ሰዎች ላይ ነበርና። አድልዎን የሚያሳድገው ወላጁ ብቻ አይደለም፤ ሞግዚቱም አለ፤ ሞግዚቱ ተመልካቹ ነው።

ይህ ነገር የመንግሥት ጣቢያ ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ያቋቋሟቸውን ጣቢያዎችም ማየት ይገባል። ኢሳት በ2002 ዓ.ም.፥ ኦ.ኤም.ኤን. በ2006 ዓ.ም. ሥርጭታቸውን ጀምረው፥ የአገር ውስጡ ጣቢያ የማያሳየውን አሳይተዋል፤ ይህ ውለታ ሊረሳ አይገባውም። ዳሩ ግን የአገር ውስጡ ጣቢያ ደመወዙን የሚከፍለውን ባለሥልጣን እንደሚፈራ፥ የውጭውም ገንዘቡን የሚያዋጣለትን ተመልካች ይፈራል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በዚህም በዚያም በኩል ያሉ ጣቢያዎች ሁሉ የምታለቅስ እናት አሳይተውናል። እያንዳንዱ ግን ያሳየው በአብዛኛው የራሱን ወገን እናት ነው። ልቅሶው ሁሉ እውነተኛ ልቅሶ ነበር። የአንዲቱ እንባ የሌላዪቱን እንባ መሸፈኛ መሆኑ ግን ያሳዝናል።

ታዲያ ተጠያቂው ማን ነው? ሕጉ ያለውን እንመልከት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችል ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። የመገናኛ ብዙኃን ሕግም ስሙ ያለ አግባብ ለተነሣ ሰው የመልስ መብትን ያውቃል። በሌላም አገር የጠነከረ ምሳሌ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ስለ ኢራቅ የጦር መሣሪያ በቢቢሲ ሬዲዮ በአንድ ጧት የተነገረ ዜና በዳኛ ሃተን በተመራ ምርመራ ከተነቀፈ በኋላ፥ በጥር ወር 2004 እ.ኤ.አ. የድርጅቱ ሊቀ መንበር ጋቪን ዴቪስና ዋና ሥራ አስኪያጁ ግሬግ ዳይክ ሥራቸውን ለቀቁ። (ፍርዱ ትክክል ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ መንግሥትን ስላስቀየመ ዜና መውረድ የነፃነት ምልክት ነው ለማለት እኛም እናመነታለን።) ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው በዚህም በዚያም ሕጉ የሚጠይቀው የተነገረውን ነው። ስማቸው የጠፋ ሰዎች ይከሳሉ። ከቶ ያልታየው ሰው፥ በወሎ መንገድ ዳር የወደቀው፥ ማንን ይክሰስ? በየትኛው ቃል ላይ ያመልክት?

ስለ ዝምታ ስንጠየቅ ደግሞ ሁላችን የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «መመሪያው ከበላይ ነው፤ የኔ ድርሻ ትንሽ ናት» እንላለን። ዐሥር ሰው ተባብሮ ግንድ ቢሸከም ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከዐሥር አንድ ነው፤ ኃላፊነትም እንዲሁ የሚከፋፈል ይመስለናል። ዝምታ ግን ግንድ አይደለም። ዝምታ እንደ ውሃ ግድብ ነው፤ ዐሥር ሰው ዳር ዳሩን ይዞ ቢጠብቀው፥ ውሃው እንዲወጣ የአንዱ እጁን ማንሣት ይበቃል። ስለዚህ ከዐሥሩ እያንዳንዱ ዝምታውን ሁሉ ለመስበር የሚችል ነበር፤ ይችል ከነበረም የሚጠየቀው ስለ ዝምታው ሁሉ እንጂ ስለ ዐሥራቱ አይደለም። የወሎው ጸሐፊ፥ የማስታወቂያ ሚኒስቴሩ አዘጋጅ፥ ሪፖርቱን ያነበበው ሹም፥ ሁሉም ሙሉ ግድቡን ይዘው ነበር።

ይህ ሒሳብ ጨካኝ መሆኑን እናውቃለን። እጁን ያነሣ ሰው እንጀራውን ያጣል፤ ልጆቹ ይራባሉ፤ ያ ዘመን ደግሞ ከእንጀራ በላይ ነፍስ የሚታጣበት ዘመን ነበር። ማንንም ሰው ጀግና ካልሆንህ ብለን ለመክሰስ አንደፍርም፤ እኛም ጀግኖች አይደለንም። ይሁን እንጂ በፍርሃት ዝም በማለትና ማንም ሳያስፈራራን ወደ ፊት ወንበር በመጠጋት መካከል ልዩነት አለ። ያ ትሑት ወጣት «ጠጋ በሉልኝ» ባለን ጊዜ እንቢ ብንል ምን ይደርስብን ነበር? ምንም። ምናልባት ትንሽ ያፍር ነበር። ያን የጠጋነው ከፍርሃት ሳይሆን ከይሉኝታ ነው፤ ከልማድም ነው፤ መሥሪያ ቤታችን በቴሌቪዥን ሲታይ እንዲያምር ከመፈለግም ነው። ከዜናው ውሸት ውስጥ ስንቱ በአስፈራሪ ትእዛዝ የተሠራ፥ ስንቱስ እንዲህ ባለ ደግነት የተሠራ እንደ ሆነ ማን ቈጥሮታል?

የዚያን ዕለት ማታ ያልነው ነገር ይህ ነው። በየካ ተከራይተን እንኖርበት በነበረው ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበሩን፤ እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው ከደጅ ብዙም አይወጡም፥ ዓለምን የሚያዩት በቴሌቪዥን ነበር። ደጃቸውን አልፈን ስንገባ ጠሩን። «ና እስቲ ልጄ፤ አንተንም እኮ አየንህ ዛሬ በዜናው! ከፊት ተቀምጠሃል፤ እሰይ፥ ያኮራል» አሉን። ከዚያም ቡናውን እየቀዱ «አዳራሹ እንዴት ያለ ሰው ነው የሞላው! አገር ሁሉ እንዲህ ከተሰበሰበማ አንድ ነገር አስባችኋል ማለት ነው፤ የኛንም የውሃ ነገር አንሥታችሁልን ይሆናል። እውነት ሁሉ ሞልቶ ነበር?» ብለው ጠየቁን።

ሲኒውን ተቀብለን፥ «አዎን፥ እማማ፤ ሞልቶ ነበር» አልናቸው።